ስም የሌለው ጠላት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ በወጣቶች እጅ ከሚዘዋወሩት የባሕር ማዶ ልብ ወለዶች አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ ታሪክ ያወራሉ። ሙታን ተነሥተው አገሩን ይወርራሉ፤ ዐዋቂዎች ያልቃሉ፤ ገና ጢም ያላቀመቀሙ ልጆች ሰይፍ ይዘው ይጋደላሉ። እነዚህን ተንቀሳቃሽ ሬሳዎች ዞምቢ ይሏቸዋል።

«ይህን ንባብ ለምን ወደድኸው?» ብትለው፥ «ዞምቢን መግደል ጸጸት የለበትም፤ ቀድሞ የሞተ ነውና» ብሎ የሚመልስ ወጣት አለ። እኔ የምቃወመው ይህንኑ መልስ ነው። እናት ያልወለደችው፥ ስም ያልወጣለት፥ ቢመቱት የማያሳዝን ጠላት በምድር ላይ የለም። እንዲህ ያለ ጠላት አለ ብሎ ልቡን ያስለመደ ሰው፥ ነገ አንድ ክፉ መካሪ መጥቶ ጎረቤቱን «ይህ ሰው አይደለም» ቢለው፥ ምክሩን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ይገኛል።

ደግሞም የነገሩን መነሻ መርምር። የዞምቢ ወሬ ወደ ዓለም የወጣው ከሄይቲ ነው። ፈረንሳዮች ከአፍሪካ በተጋዙ ባሮች ጉልበት ሸንኮራ ያስተክሉበት በነበረው በዚያ አገር፥ ዞምቢ ማለት ከመቃብር ተነሥቶ ያለ ፈቃዱ ለጌታ የሚሠራ ምስኪን ነበር። ሕዝቡ የሚፈራው በዞምቢ መነከስን ሳይሆን ራሱ ዞምቢ መሆንን ነው፤ ሞት እንኳ ከባርነት እንዳያሳርፈው ይሰጋ ነበርና። የዛሬውን ሥጋ በል የሬሳ መንጋ ያስለመደን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 የወጣው የጆርጅ ሮሜሮ ፊልም ነው። እንግዲህ የሚታዘንለት ባሪያ ተለውጦ የሚታረድ ወራሪ ሆነ።

«እንዲህ ከሆነ መጻሕፍቱ ይቃጠሉ» ከሚሉት ሽማግሌዎችም ጋር አልስማማም። አሜሪካዊው ጆናታን ሜይቤሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ ያሳተመውን «ሮት ኤንድ ሩይን» የተባለውን ተከታታይ መጽሐፍ ተመልከት፤ ትርጓሜው ብስባሽና ፍርስራሽ ማለት ነው። ቤኒ የተባለው ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ሥራ ካልያዘ የምግብ ድርሻው በግማሽ ይቀነስበታልና፥ ሳይወድ የታላቅ ወንድሙን የቶምን ሥራ ለመማር ይወጣል። ቶምን እንደ ፈሪ ይንቀው ነበር፤ ጀግና የሚመስሉት በግድያቸው የሚፎክሩት ዞምቢ ገዳዮች ነበሩ። ኋላ ግን ቶም ሬሳውን ከማሳረፉ በፊት፥ ቤተ ሰቡ የጻፈለትን የስንብት ደብዳቤ ቆሞ ሲያነብለት አየ። እነዚያ ፎካሪዎች ደግሞ ልጆችን እየሰረቁ በጉድጓድ ውስጥ ከዞምቢ ጋር የሚያታግሉና በዚያ ቁማር የሚጫወቱ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ፍረድ፤ ከሬሳውና ከቁማርተኛው በእውነት የሞተው ማንኛው ነው?

«ታዲያ ወራሪ ሲመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» ትለኝ ይሆናል። አላልሁም። ቶምም ቢሆን ሰይፉን አልጣለም። ነገር ግን የሚመታው ማን እንደ ነበረ ያውቃል፤ በመምታቱም አይፎክርም።

ስለዚህ ወንድሜ፥ እኅቴ፥ መጽሐፉን አንብቡ። ሰይፉ ወደሚወርድበት ገጽ ለመድረስ ቸኩላችሁ ግን ደብዳቤው የሚነበብበትን ገጽ አትዝለሉ።