የንኡሰ ክርስቲያን ጊዜ አይጣደፍ

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ፣ አዋቂዎች በየደረጃው የሚያልፉበት ጥንታዊው የንኡሰ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲመለስ ባዘዘ ጊዜ፣ በ1972ም ይህንኑ የሚመራው የላቲን መጽሐፍ በወጣ ጊዜ፣ የታሰበው በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ጥምቀትን፣ ሜሮንንና ቅዱስ ቁርባንን በአንድነት የሚቀበለው ሰው አስቀድሞ በጸሎት፣ በቃለ እግዚአብሔርና በምእመናን ኅብረት እንዲበስል ነበር።

በአሜሪካ በብዙ ቁምስናዎች የሰፈነው ልማድ ግን በመስከረም ተመዝግቦ በትንሣኤ የሚመረቅ ተማሪን ጉዞ ይመስላል፤ የአገሩ ጳጳሳት ደንብ ከ1988 ጀምሮ የንኡሰ ክርስቲያን ጊዜ ከአንድ ዓመት እንዳያንስ ሲያሳስብ መኖሩን ለሚያውቅ ሰው፣ ችኮላው እጅግ ያሳዝናል። ከዚህም የሚከፋው፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን በሥላሴ ስም የተጠመቀው ክርስቲያን ካልተጠመቀው ጋር ተደባልቆ እንደ ንኡሰ ክርስቲያን መቆጠሩ ነው፤ ጥምቀት አንዲት ናትና አትደገምም፣ መጽሐፉም ሁለቱን ለይቶ፣ ለተጠመቀው ወደ ምሉዕ አንድነት የሚገባበትን አጭርና ክቡር ሥርዓት አዘጋጅቶለታል።

ከ2025 የዐመድ ረቡዕ ወዲህ በአሜሪካ ግዴታ የሆነው የዚህ መጽሐፍ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ቃላቱን ወደ ላቲኑ አቅርቧል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ቆሞሳትና መምህራን የመጽሐፉን መቅድም በትዕግሥት እንዲያነቡ፣ የቁምስናውንም በር ዓመቱን ሙሉ ለጠያቂ እንዲከፍቱ፣ ከጥምቀትም በኋላ ያለውን የምስጢራት ትምህርት ጊዜ፣ ዛሬ ከሞላ ጎደል የተረሳውን፣ እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ እንዲያጸኑ አጥብቄ እለምናለሁ።