“ጥሩው ኮሌስትሮል ይጠብቀኛል” ብሎ መድኃኒቱን ያቆመው ወንድሜ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአዳማ ነው፤ ጸሐፊዋ ግን እንደ ድሮው “ናዝሬት” ብላዋለች። ስሟንም ሠፈሯንም እንዳላወጣ ለምናኛለች። አሳጥሬ ላቅርበው፦

“24 ዓመቴ ነው። እንደ እናትም እንደ አባትም ሆኖ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ 43 ዓመቱ ሲሆን የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ከአራት ወር በፊት ስኳር ተገኘበትና የስኳርና የኮሌስትሮል መድኃኒት ታዘዘለት። ወረቀቱ ላይ ጥሩው ኮሌስትሮል 46 ይላል። ጓደኞቹ ‘ለወንድ ከ40 በላይ ከሆነ ምንም አትሆን’ ሲሉት የኮሌስትሮሉን ኪኒን ተወው። ጫቱም ሲጋራውም እንዳለ ነው። ስናገረው ‘አንቺ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ? እኔን የሚጠብቀኝ አለ’ ይለኛል። እሱ ከሄደብኝ ማን አለኝ? ምን ብዬ ላሳምነው?”

እህቴ፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት አብረሽ መላክሽ ጥሩ ነው። 46ቱን አይቼዋለሁ። ወንድምሽ ያላየው የሚመስለኝ ሌላውን መስመር ነው፦ ትራይግሊሰራይድ 290። ከ150 በታች መሆን የነበረበት የደም ቅባት ነው። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ለሾፌር በሾፌር ቋንቋ ንገሪው። ሐኪሞች ኤች.ዲ.ኤል. የሚሉት “ጥሩው ኮሌስትሮል” የጭነት መኪና ነው በይው። ሥራው የደም ሥር ግድግዳ ላይ የተከማቸውን ኮሌስትሮል እየጫነ ወደ ጉበት መመለስ ነው። ላቦራቶሪው የሚለካው ታዲያ በነዚህ መኪኖች ላይ ያለውን ኮሌስትሮል ብቻ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ቆሞ የጭነቱን ኪሎ እንደ መደመር ማለት ነው። ስንቱ መኪና ገና መጫን ይችላል? ስንቱስ ተበላሽቶ ቆሟል? 46 ይህንን አይናገርም።

መኪናው የመጫን አቅሙን የሚያገኘው በአብዛኛው ከተሠራበት ቅባት ነው። ላዩን የሚሸፍነው ፎስፎሊፒድ የሚባለው ቅባት ነው። ከግድግዳው የወጣው ኮሌስትሮል መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ፣ ፎስፎሊፒዱ ሲሳሳ ጭነቱም ይቀንሳል። ስኳር ያለበትና ትራይግሊሰራይዱ የበዛ ሰው ላይ ደግሞ መንገድ ላይ የዕቃ ልውውጥ ይደረጋል። ጥሩው መኪና የጫነውን ኮሌስትሮል ለሌሎቹ ያስረክብና በምትኩ ትራይግሊሰራይድ ይቀበላል። ጉበት ጋ ሲደርስ ያ ቅባት ይቆራረጣል፣ መኪናው ይኮሰምናል፣ ፕሮቲኑም ተላቆ በኩላሊት በኩል ይወገዳል። ከውጭ ሲያዩት መኪና ነው፤ ጭነት ላይ ግን የለም።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ይህንኑ ልውውጥ የሚያግድ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነበር። የጥሩውን ኮሌስትሮል ቁጥር በ72 በመቶ ከፍ አደረገው። ጉድ ነው! የሚወስዱት ሰዎች ከማይወስዱት ይልቅ በብዛት ስለሞቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ሙከራው ተቋረጠ። መድኃኒቱ የደም ግፊትም ይጨምር ነበር፤ ቢሆንም ቁጥሩ ማንንም አላዳነም። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ዳላስ ውስጥ ወደ 3 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የወጣ ጥናት ኮሌስትሮልን የመጫን አቅሙን ራሱን ለካ። አቅሙ ከፍተኛ የሆነላቸው ሰዎች በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ ከሆነባቸው በ67 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ምርመራ ግን የምርምር ቤት ሥራ ነው፤ አዳማ ወይም ሻሸመኔ ክሊኒክ ገብቶ “ለካልኝ” የሚባል አይደለም። ስለዚህ ትራይግሊሰራይዱን፣ ስኳሩንና መጥፎውን ኮሌስትሮል ማየት ግድ ነው።

“ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው” የሚል ካለ ደግሞ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ከ100 ሰው 5 ብቻ ሲያገኝ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ያነሰበት ግን 69 ያህል፣ ትራይግሊሰራይዱ የበዛበት ደግሞ 21 ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ያቆመው ኪኒን ዋና ሥራው መጥፎውን ኮሌስትሮል መቀነስ ነው፤ 46ቱን ለማሳደግ አልተሰጠውም። ስኳር ያለበት ሰው 40 ዓመት ካለፈው መጥፎው ብዙም ሳይጨምር እንኳ ይታዘዝለታል። ስለዚህ “ጥሩው ደህና ነው” የሚለው ምክንያት ኪኒኑን አይነካውም። በሚቀጥለው ወደ ቤት ሲመጣ “ለምን አቆምክ” ብለሽ አትጨቃጨቂው፤ “ወረቀቱን ይዘን አብረን እንሂድ” በይው። መድኃኒቱን ያዘዘለት ሐኪም እንደገና ያስጀምረው።

ሲጋራውን ማቆም አለበት፤ ሲጋራ መኪኖቹን ያሳንሳል፣ ያበላሻልም። ጫቱን ለጊዜው አልተውም ካለ እንኳ ከጎኑ የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቅር፤ ትራይግሊሰራይድ የሚያበዛው እሱ ነው። ድራፍትም “ጥሩውን ይጨምራል” እየተባለ ይወራለታል። ቁጥሩን ይጨምር ይሆናል፤ 290 ላለው ሰው ግን እሳት ላይ ቤንዚን ነው። መኪናው ጭነት ሲጠብቅ እሱ ጋቢና ውስጥ ከሚተኛ ግማሽ ሰዓት ይራመድ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪው። መንገድ ላይ ደረቱን ከተጫነው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው ጂቡቲ ልድረስ አይበል። መኪናውን ያቁም፤ ወለንጪቲም ይሁን መተሐራ፣ ረዳቱ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይውሰደው።

አዲሱ የምርመራ ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ፤ 290 የነበረው ስንት እንደደረሰ ማወቅ እፈልጋለሁ።