የኮሎኔሉ ፋይል አልተዘጋም

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ የት ናቸው? ጥያቄው ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። አልፎ አልፎ ፎቷቸው በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል፣ "ጀግናችን" ይባላል፣ የሻማ ምልክት ይለጠፍበታል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ጉዳዩ።

እኚህ ሰው ሁለት ጊዜ የተማረኩ አብራሪ ናቸው። በደርግ ዘመን ሻዕቢያ እጅ ወድቀው ዓመታት ታስረዋል። ተፈተው ሲመለሱ "ይበቃኛል" ቢሉ ማንም ባልፈረደባቸው። አላሉም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ሚግ ይዘው ወደዚያው ሰማይ ተመለሱ፤ አስመራ ላይ ተመተው በፓራሹት ወረዱ፤ ዳግም ተማረኩ። ልብ በሉ፦ ይህ በረሃ ላይ ደብዛው የጠፋ ሰው ታሪክ አይደለም። በሕይወት መያዛቸውን ያኔውኑ ኤርትራ ራሷ ተናግራለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ታሪክ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት ሁለቱም ወገኖች የጦር እስረኞችን በሙሉ ሳይዘገዩ እንዲለቁ ያዛል። ኤርትራ ግን በጦርነቱ ጊዜ ቀይ መስቀልን ወደ እስረኞቹ አላስጠጋችም፤ የሄጉ የካሳ ኮሚሽን በዚህ ጥፋተኛ ብሏታል። ኢትዮጵያ በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የኤርትራ እስረኞችን መልቀቅ አቁማ የአብራሪው ጉዳይ ይገለጽልኝ ብላ ነበር። ነሐሴ 1994 ኤርትራ የቀሩኝ ናቸው ያለቻቸውን 279 እስረኞች ለቀቀች። ኮሎኔሉ አልነበሩባቸውም። በሦስት ወር ውስጥ ኢትዮጵያም ከ1,200 በላይ ኤርትራውያንን ሸኘች። እስረኞቹን መልቀቋ የሕግ ግዴታ ነው፤ ጥፋቷ ጥያቄውንም አብራ መሸኘቷ ነው።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ የተፈረመው የጋራ መግለጫ አምስት ነጥብ ነበረው። ስለ ንግድ አለ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ድንበር። ስለ ጠፉ ሰዎች አንድ መስመር የለም! ከዘጠኝ ቀን በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በደስታ እንባ ታጅቦ አስመራ አረፈ። ደስታው አይነቀፍም፤ የተለያየ ቤተሰብ ተገናኝቷል። ግን በዚያ ሰሞን ከተመላለሱት ባለሥልጣናት አንዱ እንኳ የኮሎኔሉን ፋይል በብብቱ ሸጉጦ ሄዶ መልሱን ለሕዝብ ማምጣት ነበረበት።

"የሞተን ማንሳት ሰላም ያደፈርሳል" የሚሉ አሉ። ሞተዋል ከተባለ መቼ? በምን? የት ተቀበሩ? ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ አንቀጽ 120፣ ለሞተ የጦር እስረኛ የሞት ማስረጃና ምልክት ያለው መቃብር ይጠይቃል። ሕጉ ቢቀር እንኳ ወጋችን አለ፦ መርዶ ያልተነገረው ቤት ድንኳን አይጥልም፣ ተዝካር አያወጣም።

ኮሎኔል ለገሠ ተፈራ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታስረው በ1980 ዓ.ም. አገራቸው የገቡት መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ስለተዋደዱ አይደለም። እስረኛ መለዋወጥ የስምምነቱ አካል ስለነበረ ነው። ደርግ የቻለውን ከሱ በኋላ የመጡት እንዴት አቃታቸው?

የሚጠየቀው ትንሽ ነው። በሕይወት ካሉ የት እንዳሉ፤ ከሌሉ ቀኑ፣ ምክንያቱ፣ መቃብሩ። በጽሑፍ፣ በቀይ መስቀል በኩል። ሁለቱ መንግሥታት ተኳርፈዋል የሚለው ሰበብ አይሆንም፤ ደብዳቤውን ለመጻፍ አዲስ አበባ የአስመራን ፈቃድ አትፈልግም።