ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ተራራ አይወጣም

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ከኮሎራዶ እስከ አልፕስ ያሉ የስፖርት ዕቃ መደብሮች አንድ ዓይነት ተስፋ ይሸጣሉ። ጠዋት በሪዞርቱ ሊፍት ወጥቶ በተደለደለ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው፣ ከሰዓት በኋላ በዚያው ስኪ ማንም ያልረገጠውን ተራራ በእግሩ ወጥቶ ይወርዳል ይላሉ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ክፍያ፣ ሁለት ዓለም። ማስታወቂያው ያማረ ነው። ፎቶው ደግሞ ይበልጥ ያማረ ነው። ነገሩ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ተራራ ላይ ደግሞ ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት ይከፋል።

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያሉት ስኪ አይተው አይደለም። ቢያዩ ግን ቃሉን የሚለውጡ አይመስልም።

«ይህ ደግሞ ኢትዮጵያውያንን ምን አገባቸው?» የሚል አይጠፋም። ያገባቸዋል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ ከዚያም በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል። ከዚያም በላይ፣ በዴንቨርና በሲያትል ዙሪያ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከትልልቅ የበረዶ ተራሮች ጥቂት ሰዓት ቢርቁ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር መሄድ ይፈልጋል፤ ወላጁ ዕቃ ግዛ ይባላል። የስዊስ ልጅ ስለ በረዶ ከአያቱ የሰማው አለው። የአዲስ አበባ ሰው ልጅ ግን የመጀመሪያ አስተማሪው ሻጩ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ ሁለቱ ተራሮች ይለዩ።

ሪዞርት ማለት ባለቤት ያለው ተራራ ነው። ሌሊት ማሽን ይደለድለዋል። ናዳ የሚያሰጋ ቁልቁለት ካለ ሠራተኞቹ ገና ሰው ሳይገባ በፈንጂ ያወርዱታል። አደገኛው በገመድ ይታጠራል። የወደቀ ሰው ቢጎዳ የጥበቃ ቡድኑ ተጎታች ቃሬዛ ይዞ ይደርሳል። ለዚህ ሁሉ ነው የሚከፈለው። እንደ ቬል ባሉ ታዋቂ ቦታዎች የአንድ ቀን መግቢያ በደጃፍ ሲገዛ ከ300 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ቀን አለ።

ከገመዱ ወዲያ ያለው ተራራ፣ ፈረንጆቹ ባክካንትሪ የሚሉት፣ ጠባቂ የለውም። ሊፍት የለም፤ በእግር ይወጣል። ማንም በረዶውን አልፈተሸም፤ ማንም ቃሬዛ ይዞ አይጠብቅም። እዚያ ሐኪሙም፣ ጠባቂውም፣ ቀባሪውም አብሮ የወጣው ጓደኛ ነው።

ሁለቱ ተራሮች የሚጠይቁት ዕቃም የተለያየ ነው። ልዩነቱ በዋናነት ያለው ጫማውን ከስኪው ጋር በሚያያይዘው ማሰሪያ ላይ ነው፤ ባይንዲንግ በሚባለው።

የሪዞርቱ ማሰሪያ ከባድ ነው፤ አንዱ ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል። ሥራው ሁለት ነው። ጫማውን አጥብቆ መያዝ፣ አደጋ ሲመጣ ደግሞ መልቀቅ። የሚለቅበት ኃይል ዲን በሚባል ቁጥር ይስተካከላል። ቁጥሩ የሚሰላው ከሰውየው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የችሎታ ደረጃና ከጫማው ሶል ርዝመት ነው። ጥሩ ማሰሪያ ትንሽ ንዝረት ሲደርስበት ጫማውን ጥቂት አንቀሳቅሶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እግር ሊሰበር ሲል ግን ይለቃል። ደረቅና የተቆራረጠ በረዶ ላይ በፍጥነት ለሚወርድ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም፤ የእግሩ ዋስትና ነው።

የእግር ጉዞው ማሰሪያ ሌላ ፍጥረት ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪትዝ ባርቴል በ1980ዎቹ የፈጠረው፣ በኋላም ዳይናፊት የተባለው ኩባንያ ያሰራጨው ይህ ማሰሪያ ጫማውን የሚይዘው በትንንሽ የብረት ካስማዎች ነው። ከ150 እስከ 400 ግራም የሚመዝኑ አሉ። ለአቀበት ተረከዝን ነጻ ያደርጋል፤ ለቁልቁለት ይቆልፋል። ድንቅ ፈጠራ ነው። ግን በአብዛኞቹ ወደ ጎን የሚለቀው በተረከዝ በኩል ነው፤ ንዝረት የመዋጥ አቅሙም ከሪዞርቱ ማሰሪያ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ሲወጣ የፊቱ ማንሻ ከተቆለፈ ጫማው በቀላሉ አይለቅም። ናዳ በዚያ ሰዓት ቢመጣ ስኪው ሰውየውን ወደ ታች የሚጎትት መልሕቅ ይሆናል።

ነጋዴው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2007 ማርከር የተባለው ኩባንያ ዱክ የሚባለውን ማሰሪያ አወጣ፤ ጠንካራ ግን ከባድ፣ ሲወጣ ፍሬሙ በሙሉ ከእግር ጋር የሚነሳ። በ2018 ደግሞ ሳሎሞንና አቶሚክ ሺፍት የተባለውን አመጡ። በካስማ ይወጣል፤ ለመውረድ ማንሻው ሲገለበጥ እንደ ሪዞርቱ ማሰሪያ ይይዛል። ክብደቱ ወደ 900 ግራም ነው። እንደ ምህንድስና ሥራ ሊደነቅ ይገባዋል። ክርክሩ ከመሐንዲሱ ጋር አይደለም። ክርክሩ «እንግዲህ ምርጫ አበቃ» ብሎ ከሚሸጠው ጋር ነው።

ምርጫው አላበቃም። ሂሳቡ ይሰላ።

ጠንካራ የሪዞርት ስኪ፣ ማሰሪያና ጫማ ተደምረው በአንድ እግር ወደ 5 ኪሎ ይመጣሉ። ለእግር ጉዞ የተሠራው ቀላል ዕቃ ወደ 3 ኪሎ ነው። መካከለኛው፣ ሁሉን እችላለሁ ባዩ፣ 4 ኪሎ ከ300 ገደማ ይሆናል። ከቀላሉ በ1 ኪሎ ከ300 ይበልጣል ማለት ነው። ሰው በአንድ እርምጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል ቢባል፣ 1,000 ሜትር አቀበት ለመውጣት ወደ 6,700 እርምጃ ያስፈልገዋል። ትርፉ ክብደት በየእርምጃው ሲደመር ከ8 ቶን ተኩል ያልፋል። ያ ሁሉ በአንድ ጠዋት የተጎተተ ነው። የደከመ ሰው ደግሞ ጫፍ ላይ ሲደርስ በረዶውን የሚመረምርበት ትዕግሥት አይተርፈውም። መውረድ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በሌላው ወገንም እንዲሁ ነው። ለአቀበት ሲባል የቀለለ ስኪ በሪዞርቱ ጠንካራ በረዶ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘላል። ከመሃሉ ከ70 እስከ 90 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኪ የተደለደለውን በረዶ በጠርዙ ቶሎ ይነክሳል። ከ100 በላይ የሆነው ደግሞ በጥልቅ አዲስ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱንም እኩል የሚሠራ ቁጥር የለም። ያለው ስምምነት ነው፤ ስምምነት ደግሞ ከሁለቱም ወገን የሚቀንሰው አለው።

እስካሁን የተባለው ስለ ምቾትና ስለ ገንዘብ ነበር። ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። የሁለቱን ዕቃ ልዩነት ያጠፋ ንግድ የሁለቱን ተራራ ልዩነትም ከሰው ልብ ያጠፋል። ቀድሞ ከገመዱ ወዲያ ለመሄድ ሌላ ስኪ፣ ሌላ ጫማ፣ ሌላ ዝግጅት ያስፈልግ ነበር። ሰውየው ቤቱ ሳለ «ዛሬ ወዴት ነው የምሄደው?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ይገደድ ነበር። አሁን አንዲት ማንሻ ገልብጦ ያልፋል። ማንሻዋ ማሰሪያውን ትቀይራለች፤ የሰውየውን ዕውቀት ግን አትቀይርም።

ዕውቀት ያላቸውንም ተራራው አይምርም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2012 ከሲያትል ብዙም በማይርቀው ስቲቨንስ ፓስ፣ ከደርዘን በላይ ልምድ ያላቸው ሰዎች በሪዞርቱ ሊፍት ወጥተው፣ ከወሰኑ አልፈው በጀርባው በኩል ወረዱ። ናዳው ሦስቱን ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ የዚያው ሪዞርት የገበያ ሥራ ኃላፊ ነበር። አንዲት ሴት በጀርባዋ የያዘችው የአየር ከረጢት ተነፍቶ ተረፈች። ኒው ዮርክ ታይምስ ታሪኩን በሰፊው ዘግቦ በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቶበታል። የእነዚያ ሰዎች ችግር የዕቃ እጦት አልነበረም። ብዙ ሆነው፣ እርስ በርስ ተማምነው፣ ማንም «ይቅርብን» ሳይል መውረዳቸው ነበር። ይህን የሚያስተካክል ማሰሪያ የትኛውም መደብር አይሸጥም።

በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት የኮሎራዶ ሪዞርቶች ሲዘጉ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ጠባቂ አልባው ተራራ አዞረ፤ የእግር ጉዞ ዕቃም ተሻማ። በቀጣዩ የክረምት ወቅት፣ በ2020–21፣ በአሜሪካ 37 ሰዎች በናዳ ሞቱ። ከእነዚህ 12ቱ በኮሎራዶ ነበር። ያ ክረምት የበረዶው ንብርብር ክፉኛ የደከመበት ስለነበር፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ለተራራው እንግዳ ስላልነበሩ፣ ሁሉንም በአዲስ ገዢ ማሳበብ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ልምድ ያለው እንዲህ ከሞተ፣ ትናንት ዕቃ ገዝቶ ዛሬ የሚወጣው ምን ይተማመናል?

ሻጩ ሊነግረው የሚገባው ይህንን ነበር። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ለመንሸራተት እጅግ የሚያጓጓውም ያው ነው። በአብዛኞቹ የሞት አደጋዎች ናዳውን የሚቀሰቅሰው ሟቹ ራሱ ወይም ከቡድኑ አንዱ ነው። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች ነው። ከዚያ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ በየሰው ደረት ላይ የተቀበረን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ፣ በየሰው ጀርባ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ያስፈልጋል። መያዙ ብቻ አይበቃም፤ በጭንቅ ሰዓት እጅ እንዲያውቀው ተደጋግሞ መለማመድ አለበት። በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ የናዳ ትምህርት ሦስት ቀን ገደማ ነው። ለስኪ፣ ለማሰሪያና ለጫማ ከ2,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ሰው ለሕይወቱ ሦስት ቀን ቢነፍግ፣ ምን ይባላል?

«ሁለት ዕቃ የሚገዛ ገንዘብም፣ የሚያስቀምጥ ቦታም የለም» የሚለው መከራከሪያ ግን ሊናቅ አይገባውም። በአንዲት ጠባብ አፓርታማ ከነልጆቹ የሚኖር፣ ቀን ታክሲ ሌሊት መጋዘን የሚሠራ ሰው ሁለት ጥንድ ስኪ ይግዛ ማለት ቀልድ ነው። መልሱ ግን ሁሉን እችላለሁ ባዩን ውድ ዕቃ መግዛት አይደለም። መልሱ ቀን መቁጠር ነው። ባለፈው ክረምት ስንት ቀን ሪዞርት፣ ስንት ቀን ከዚያ ውጭ ተወጣ? የታሰበው ሳይሆን የተደረገው ይቆጠር። ብዙው ሰው በሐቀኝነት ቢቆጥር፣ ከአሥር ቀኑ ዘጠኙ ሪዞርት ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ሰው ያገለገለ የሪዞርት ስኪ በርካሽ ይግዛ፤ ለቀረችው አንዲት ቀን የእግር ጉዞ ዕቃ ይከራይ። ሁለቱ ተደምረው ከአንዱ ውድ ዕቃ ሊያንሱ ይችላሉ።

ከስኪው በፊት ደግሞ ጫማ። ጫማ በሚያውቅ ሰው እጅ ከእግር ጋር ተለክቶ ይገዛ፤ የሚያሳምም ጫማ የትኛውንም ስኪ ከንቱ ያደርጋል። ሁሉም ሶል ከሁሉም ማሰሪያ ጋር እንደማይገጥምም ይታወቅ። እጅግ የቀለለ የእግር ጉዞ ጫማ በሪዞርት ማሰሪያ ላይ በደህና አይያዝም፤ ሲያስፈልግም በትክክል አይለቅም። ያገለገለ ማሰሪያ የገዛ ሰው ከመውጣቱ በፊት ለባለሙያ ያሳይ፤ በየዓመቱም ያስፈትሽ። የጓደኛን የዲን ቁጥር መዋስ የጓደኛን መነጽር እንደ መዋስ ነው።

ታዲያ ሺፍትንና መሰሎቹን ማን ይግዛ? የሚያውቅ ይግዛቸው። ናዳ የተማረ፣ አብዛኛውን ቀን በሊፍት የሚወጣ፣ አልፎ አልፎ አጭር አቀበት የሚጨምር፣ ከየትኛው ተራራ ላይ እንደቆመ ሁልጊዜ የሚያውቅ። ለእርሱ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለጀማሪ ግን በር የሌለው ቤት ነው፤ መቼ እንደወጣ ሳያውቀው ውጭ ያድራል።

መደብሮቹም ከተጠያቂነት አያመልጡም። የእግር ጉዞ ማሰሪያ ለሚገዛ ሰው «የናዳ ትምህርት ወስደሃል? ከማን ጋር ነው የምትወጣው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። አካፋውና ዘንጉ ከሱቁ ጥግ ወጥተው ከስኪው አጠገብ ቢቆሙ ወለሉ አይጠብም። ይህን የማያደርግ መደብር ስለ ነጻነት ባያወራ ይሻለዋል።

የወላጅም ድርሻ አለው። ልጁ «ሁሉም ይሄዳል» ሲል፣ «የት ነው የሚሄደው? ከገመዱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ብሎ መጠየቅ ስለ በረዶ አንዳች ማወቅ አይፈልግም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ተራራ ላይ ይህ አባባል ምሳሌያዊ አይደለም።

ስኪው ይመረጥ፣ ማሰሪያው ይመረጥ። ከሁለቱም በፊት ግን ተራራው ይመረጥ።

ልብ ያለው ልብ ይበል።