የሰው ጠብ በዋካንዳ

ሰሞኑን አርማጭሆ፣ ሳንጃ አንድ ቪዲዮ ቤት ገብቼ «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር»ን በአማርኛ ትርጉም ደግሜ አየሁት። ቬንትሌተሩ ያንኑ የቆላ ሙቀት ያመላልሳል። ተርጓሚው ግማሹን ይተረጉማል፣ ግማሹን ከራሱ ይጨምራል፤ የፊልሙን ክፉ ታኖስን «አንተ አገጫም!» ሲለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ምናባዊቷ አፍሪካዊት አገር ዋካንዳ ብቅ ስትል ደግሞ አጠገቤ የነበረ ወጣት «ይቺማ እኛ ነን!» ብሎ አጨበጨበ።

ኧረ ተው!

የዋካንዳ ታሪክ የሚተረክበት «ብላክ ፓንተር» ፊልም የወጣው የካቲት 2010 ነው። አሜሪካ ውስጥ ለእይታ በበቃበት ቀን እዚህ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትርም በዋዜማው ሥልጣን እለቃለሁ ብለው ነበር። ወሩ የዓድዋ ስለሆነ ግን «ቅኝ ያልተገዛችው አገር እኛ ነን» ማለቱ አልቀረም። የአገሬው ቋንቋ ተብሎ የሚነገረው የደቡብ አፍሪካው ኮሳ መሆኑን ማን ልብ ብሎ! እሱስ ይሁን። ቢያንስ በዚያ ፊልም ጠቡ የራሳቸው ነበር። ንጉሡ ቲቻላና ተቀናቃኙ ኪልሞንገር የሚጋደሉት የአገሪቱ ሀብት ለተገፋው ጥቁር ሁሉ ይድረስ ወይስ ተደብቆ ይኑር በሚል ነው፤ ኪልሞንገርም ቢሆን ክፉ ይሁን እንጂ ጥያቄው መልስ ይፈልጋል።

ሁለት ወር አለፍ ብሎ በ«ኢንፊኒቲ ዋር» የአቬንጀርስ ቡድን ተሰበሰበ። እንግዶቹ ቪዥን የተባለ ጓዳቸው ግንባር ላይ ላለች ድንጋይ ሲሉ ጠላታቸውን አስከትለው ዋካንዳ ገቡ። ፊት ቀድሞ የወደቀው የአገሬው ወታደር፣ ጭብጨባው ግን ዘግይቶ በመብረቅ ለደረሰው ለቶር! መጨረሻ ላይ ንጉሡ ትቢያ ሲሆን ስድስቱ የመጀመሪያዎቹ አቬንጀርሶች፣ ሁሉም ነጮች፣ አንዳቸውም አልተነኩም። ከዚህ በኋላ «ስንት ጥቁር ተዋናይ አለ?» እያሉ መቁጠር ለእኔ ጨዋታ ነው።

የአርበኛ አባዜዬን የምታውቁ «ጀመረው ደግሞ» ትሉ ይሆናል። ልጀምረዋ! እነ አርበኛ አሞራው ውብነህ እዚሁ አርማጭሆ ጣሊያንን እንቅልፍ ሲነሱት የኖሩት እንግሊዝ ጦር ይዞ ከመምጣቱ ዓመታት በፊት ነው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ጎንደር ላይ ጄኔራል ናሲ እጁን ሲሰጥ ግን የድሉ ባለቤት እንግሊዝ ሆኖ ተጻፈ፤ አርበኛው «አጋዥ» ተባለ። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ጠቡ አጋዥ!

ፊልሙ ለልጆች መዝናኛ ነው፣ ምን ያናድድሃል የሚለኝ አይጠፋም። ልጆቹ ናቸዋ የሚያጨበጭቡት።

የራሳችን ጀግና የለም እንዳይባል ብስራት ደበበ በኮሚክ መጽሐፍ «ጀምበር»ን ፈጥሯል፤ ጀግናው ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት ነው። ከዋካንዳው ንጉሥ ይልቅ እሱ ሳንጃ ቢመጣ ዘመድ ያገኛል። እኔ የምመኘው ግን የአሞራውን ፊልም ነው፤ ምክሩ አርማጭሆ የሚመከርበት፣ ትእዛዙም ከዚያው የሚወጣበት። እንግሊዙም ይግባ፣ አልከለክልም። በቅሎ የሚጭን አንድ ሰው ያስፈልጋል።