የልጅ ልጅ በመኝታ እጦት አይመለስ



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው ስለ መዋጮ፣ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ ጥበቃ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ አልጋ ነው። «አልጋ ደግሞ የማኅበር ጉዳይ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱን።

ባለፈው ነሐሴ በቡሄ ማግስት፣ ወደ ማታ ገደማ፣ መዋጮ ለመሰብሰብ ስንዞር ከአንዲት እናታችን ደጅ ደረስን። አራት የልጅ ልጆቻቸው ለመሄድ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። ዝናቡ ገና አላባራም። ትንሿ ልጅ «እማማ ጋ ልደር» እያለች ታለቅሳለች። እናታችንም «የኔ ልጅ፣ የት ላስተኛሽ? ያለችኝ ይቺው አንድ አልጋ ናት» አሏት። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ታክሲ ሊይዙ ሄዱ። እሳቸውም የተረፈውን ሙልሙል በፌስታል ቋጥረው ሰጥተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እኛም የመዋጮውን ነገር ሳናነሳ ተመለስን።

ይሄ የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎቹ ልጆቻችን እጣ እየወጣላቸው ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደዋል። ቤት በማግኘታቸው ደስ ብሎናል። ነገር ግን ድሮ አጥር ዘሎ አያቱ ቤት ያድር የነበረው ልጅ አሁን ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለበት። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የሚመለስ ልጅ አያቱን አየ እንጂ አወቀ አይባልም። ተረቱ የሚወራው፣ የቅድመ አያት ስም የሚቆጠረው ከራት በኋላ ነው። እንደ እኛ ሐሳብ የልጅ ልጅ ካላደረ አልመጣም።

ቤታችን ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። ይበልጥ የሚጠበው ግን አልጋው ሌትም ቀንም ተዘርግቶ ሲውል ነው። ወላጆቻችን ቁርበቱንና አጎዛውን ማታ አንጥፈው ጠዋት ጠቅልለው ጥግ ያቆሙ ነበር። ከግድግዳው ጋር የተሠራው መደብም ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነበር። ከተዋደዱ የፍየል ቆዳ ይበቃል የሚባለውም ለዚሁ ነው። ዛሬም የሚያስፈልገን ማታ ተዘርግቶ ቀን የሚሰበሰብ መኝታ ነው። ስለዚህ ከሰፈራችን አናጢና በያጅ ጋር ተመካክረን ለኪስም ለቤትም ይስማማል ያልነውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አንደኛ፣ ታጣፊ ስፖንጅ ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 70፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ቁራጭ ስፖንጅ ተገዝቶ በአንድ ሽፋን ውስጥ በመካከሉ እየተሰፋ ይገባል። ሲዘረጋ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል፤ ሲታጠፍ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ዱካ ሆኖ ቀን ይቀመጡበታል። ሽፋኑን የሰፈር ልብስ ሰፊ ይሠራዋል። ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአልጋ ስር የሚሳብ መኝታ ነው። ጠርዝ ያለው ዝቅተኛ የጣውላ ሳጥን አራት ትናንሽ ጎማ ተገጥሞለት ከትልቁ አልጋ ስር ይገባል። አናጢ ከመጥራታችሁ በፊት ከወለሉ እስከ አልጋው እንጨት ያለውን ለኩ። 30 ሳንቲ ሜትር ካለ ፍራሹም ሳጥኑም ይበቃዋል። ከአልጋው ስር ያለው የቆየ ሻንጣና ባዶ ጀሪካን ግን መነሳቱ ነው! እሱን የማይወድ ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ በቱቦላሬ ብረት ተበይዶ ሸራ የሚወጠርበት ታጣፊ አልጋ ነው። ሲታጠፍ ከበር ኋላ ይቆማል። ዋጋው ከስፖንጁ ከፍ ይላል፤ ልጁን ግን ከወለል ቅዝቃዜ ያድነዋል። ብረቱን መርካቶ ምናለሽ ተራ አፈላልጎ ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ይቀልለታል።

ተደራራቢ አልጋ የሚያስቡም አሉ። ሁልጊዜ በቤቱ ለሚኖሩ ልጆች ጥሩ ነው። በዓመት ጥቂት ሌሊት ለሚመጣ እንግዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ቦታ ይዞ መቆሙ አያዋጣም። ያለው ሰውም ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከላይ አያስተኛ፤ ለላይኛውም መከላከያ ብረት ያሠራለት።

አደራ የምንላቸው ነገሮችም አሉ። በክረምት ስፖንጅ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲነጠፍ ከስሩ እርጥበት ይይዛልና መጀመሪያ ሰሌን ወይም ጣውላ ይደረግ፤ ጠዋትም ተነስቶ ይናፈስ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከትላልቆቹ ጋር በለስላሳ ስፖንጅ ላይ አይደባለቅ፤ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ ለብቻው በጀርባው ይተኛ። ከሁሉም በላይ፣ ቤቱ ይሙቅላቸው ተብሎ የከሰል ምድጃ ልጆች በተኙበት ክፍል አይቀመጥ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቡናው ሲያበቃ ምድጃው ወደ ውጭ! ለብርዱ አንድ ጋቢ መጨመር ይሻላል።

አሁን ወደ ማኅበሩ ጉዳይ እንምጣ። ይህን ሁሉ ጽፈን ስናበቃ ስፖንጁንም መግዛት የማይችሉ አባቶችና እናቶች እንዳሉን አልዘነጋንም። የዕቃ ቤታችንን በር ስንከፍት ምን እናገኛለን? ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ትልልቅ ድስት አለ፣ ሳህን አለ። ለልቅሶ ያልተዘጋጀ ነገር የለም። ይሄ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ሲሞት ድንኳን የምንተክልለት ሰዎች፣ በሕይወት ሳለ የልጅ ልጁን የሚያስተኛበት አንድ አልጋ ብናውሰው ምን ይለናል? በእኛ በኩል ስድስት ታጣፊ አልጋ ከነፍራሹ ተሠርቶ በዕቃ ቤት እንዲቀመጥና በተራ እንዲሰጥ ሐሳብ እናቀርባለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። «ትኋን ከቤት ወደ ቤት ታዞራላችሁ» ያሉን እትዬ አሉ። ስጋታቸው ትክክል ነው። ስለሆነም አልጋው ስንጥቅ ከሌለው ብረት እንዲሆን፣ የፍራሹም ሽፋን የሚወልቅ ሆኖ ተዋሹ በፍል ውሃ አጥቦ፣ ፍራሹንም ፀሐይ አስመትቶ እንዲመልስ፣ ስንረከብም መገጣጠሚያውን እንድንፈትሽ አስበናል። «ይሰበራል፣ ይጠፋል» ለሚሉትም፣ እንደ ድስቱና እንደ ወንበሩ ሁሉ ተመዝግቦ፣ ተፈርሞበት ይወጣል። የሰበረ ያስጠግናል።

ይህ ጉዳይ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። የምትደግፉም የምትቃወሙም መጥታችሁ ተናገሩ። እስከዚያው ድረስ ትርፍ ፍራሽ ወይም የቆመ የሽቦ አልጋ ያለው ሰው ለጎረቤቱ ቢያውስ መልካም ነው። ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ይመጣሉ። ያኔ «እማማ ጋ ልደር» ያለች ልጅ በዝናብ እንዳትመለስ ከአሁኑ እናስብበት።

የማኅበሩ ጸሐፊ