ዝም ማለትም ተከልክሎ ነበር

ያልወደድነውን መንግሥት ሁሉ «አምባገነን» ብለን እንዘጋዋለን። እኔ ግን ቃሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየሸፈነብን ነው ባይ ነኝ።

ንጉሡ ፓርቲ አይፈቅዱም ነበር። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማው ቢመረጥም ተወዳዳሪው የሚቀርበው በግሉ ነው። ዝም ብሎ ግብሩን የከፈለን ሰው ግን «ልብህ ከማን ጋር ነው?» የሚለው ብዙም አልነበረም (የጭሰኛው ፍዳ ሌላ ጉድ ነው)። ደርግ ዝምታውንም አልተቀበለም። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ያው ቀበሌ ስኳር ያድላል፣ ስብሰባም ይጠራል። አከራይህ፣ ባለሱቅህና ካድሬህ አንድ ሲሆኑ «አልስማማም» ማለት ስንት ያስከፍላል? ኢኮኖሚክስ ስንማር ሞኖፖሊ ያሉን ይኸው ነው እኮ፤ ሸቀጡ ኑሮህ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ለዚህ ነው ማንኛውንም መንግሥት ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው፦ ከስብሰባው ብቀር ምን ይቀርብኛል?

ገጠር ደግሞ ኮታ ነበር። ገበሬው ለእህል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ርካሽ ዋጋ ያስረክባል። ምርት ያነሰው፣ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሸጠም አለ። ኪሳራ በትእዛዝ!

እንዲያም ሆኖ ደርግ ሁሉን አልጠቀለለም። የካቲት 1982 መንግሥቱ ኃይለማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ገበሬው መግለጫ አላወጣም፣ አልፎከረም። በወራት ውስጥ አብዛኞቹን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በትኖ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈለ።